ምርመራ ወይስ ምርምር?
ወላጆች ልጆቻቸውን ለጥናት የሚሰጡት እንዴት ወስነው ነው?



የመመረቂያ ጽሑፍ ወቅት ሲደርስ በግቢያችን ሌላ ወሬ የለም። «ርዕስህ ጸደቀ?» «ስንት ናሙና ያስፈልግሻል?» «አማካሪህ ማነው?» እንባባላለን። ከዚያ አብዛኞቻችን መጠይቅና የስምምነት ቅጽ አባዝተን፣ የትብብር ደብዳቤ አጽፈን ወደ ገጠር እንወጣለን። ከእኛ ውስጥ ብዙዎቹ የሚያጠኑት ደግሞ ሕፃናትን ነው፤ የምግብ እጥረት፣ የአንጀት ትላትል፣ ደም ማነስ፣ ትራኮማ፣ ክትባት። የናሙና ብዛት እንዴት እንደሚሰላ በክፍል ውስጥ ተምረናል። አንድ አባትና አንዲት እናት ልጃቸውን ለጥናት ለመስጠት ወይም ላለመስጠት እንዴት እንደሚወስኑ ግን እምብዛም አንነጋገርም። እኔ ይህን ነገር መጀመሪያ ያየሁት በአጥኚ በኩል ሳይሆን በሚጠኑት በኩል ሆኜ ስለነበር፣ የማውቀውን ያህል ልጫርላችሁ ብዬ ተነሣሁ።

የመጣሁት ከሰሜን ወሎ፣ ከመቄት ወረዳ ነው። ፍላቂት ከወልድያ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ የላሊበላ መገንጠያ ከሆነችው ጋሸና አለፍ ብላ የምትገኝ ብርዳም የደጋ ከተማ ናት። ቤተሰቦቼ የሚኖሩት ከከተማዋ ወጣ ባለ ጎጥ ውስጥ ነው፤ ገብስና ድንች ይዘራሉ፣ በግ ያረባሉ። በ2008 ዓ.ም. በኤልኒኞ ምክንያት ዝናቡ ጠፍቶ አገሩ ተቸግሮ ነበር። እኔ ስድስተኛ ክፍል፣ እህቴ ሁለተኛ ክፍል ነበርን። በዚያ ዓመት አንድ የጥናት ቡድን መጣ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የቀበሌው ሊቀ መንበር ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆሞ፣ «ከአምስት እስከ አሥር ዓመት ልጅ ያላችሁ ማክሰኞ ጤና ኬላ ይዛችሁ እንድትመጡ፤ ሐኪሞች ይመጣሉ» አለ። ክብደትና ቁመት ይለካል፣ ከጣት ደም ይወሰዳል፣ ሰገራም ይጠየቃል ተባለ።

ያን ምሽት እቤታችን ውስጥ ሸንጎ ተቀመጠ ማለት ይቻላል። አያቴ (እምዬ ነው የምንላቸው) ገና ከመጀመሪያው ፊታቸውን አጠቆሩ። «ደም ይዘው የሚሄዱት ምን ሊሠሩበት ነው? ሰገራውንስ ምን ያደርጉታል? የልጅ ነገር ለባዳ ይሰጣል እንዴ!» አሉ። እናቴ ሌላ ጭንቀት ነበራት። እህቴ በዚያ ሰሞን ከስታ ነበር፤ ከግድግዳው አፈር እየፋቀች ትልስም ነበር። «ፍላቂት ድረስ ወስጄ የማሳክምበት ብር የለኝ፤ ሐኪም እደጅ ድረስ መጥቶ በነጻ ሲያያት ምን ክፋት አለው?» አለች። አባቴ እሳቱን እየቆሰቆሰ ብዙ ቆየና፣ «እምቢ ብንል ከሴፍቲኔቱ መዝገብ ቢፍቁንስ?» አለ።

ይህ የአባቴ ንግግር እስከ ዛሬ ድረስ ያስገርመኛል። ከጥናቱ ቡድን አንድም ሰው እንዲህ አላለም። ግን ደግሞ «እንዲህ አይደረግም» ያለም የለም። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ሴፍቲኔት በኛ አገር የዓመት ቀለብ ነው። ስም የሚይዘውም፣ ስም የሚፍቀውም፣ እሑድ «ልጆቻችሁን አምጡ» ብሎ የሚያውጀውም ለገበሬው አንድ ሰው ነው፤ ቀበሌ። ቅጹ ላይ «ተሳትፎው በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ ነው» ተብሎ መጻፉ ይህን አይለውጠውም። ፈቃደኝነት የሚጠየቀው በማን አፍ እንደሆነ ነው ሰው የሚያየው።

ሲነጋ አባቴ መጀመሪያ የሄደው ወደ ንስሐ አባታችን ነው። እሳቸውም «ለሕክምና ከሆነ እግዜርም አይከለክል፤ ለምን እንደሆነ ግን ጠይቅ» አሉት። ቀጥሎ ወደ ጤና ኤክስቴንሽኗ ሄደ። ልጅቷ የጎረቤት ቀበሌ ተወላጅ ናት፤ እህቴን ያስከተበቻት እሷ ናት፤ እናቴ ስትወልድም ደጋግማ እየመጣች ጠይቃታለች። «ልጄ፣ ይህ ነገር እንዴት ነው?» ቢላት «አይዞህ ጋሼ፣ እኔ አለሁ፤ ምንም አይሆኑም» አለችው። አለቀ። የቤተሰባችን ውሳኔ የተቋጨው በዚህች «እኔ አለሁ» ነው። ማክሰኞ ዕለት ሁለት ገጽ ቅጽ በፍጥነት ሲነበብልን አባቴ አላዳመጠም፤ ማዳመጥም አላስፈለገው፤ ወስኖ ነው የመጣው። ጣቱን ቀለም ነክሮ ሲያትም ግን ፊቱ የማዳበሪያ ዕዳ ሲፈርም እንደሚሆነው ሆነ። በገጠር ፊርማ ማለት ወይ ዕዳ ነው ወይ ክስ ነው። «መብትህን ለማስጠበቅ ፈርም» ስንለው እሱ የሚሰማው ሌላ ነው።

እህቴን ማንም አልጠየቃትም። እሷ ግን ጠየቀች። ጣቷን ሲወጓት አልጮኸችም፤ መረጃ ሰብሳቢውን ቀና ብላ አይታ «ያመመኝን ትነግሩኛላችሁ?» አለችው። «አዎ፣ ውጤቱ በጤና ኬላው በኩል ይመጣል» አላት።

ውጤቱ አልመጣም። እናቴ ሦስት ጊዜ ጤና ኬላ ተመላልሳ ጠየቀች። ጤና ኤክስቴንሽኗ መጨረሻ ላይ አንገቷን ደፍታ «እኔም እየጠበቅሁ ነው» አለቻት። በ2010 ዓ.ም. በየትምህርት ቤቱ የትል መድኃኒት ሲታደል፣ ያችው ልጅ ለመቀስቀስ እቤታችን ብትመጣ አባቴ «ያኔም አለሁ ብለሽኝ ነበር» ብሎ መለሳት። እህቴ መድኃኒቱን የዋጠችው እናቴ ራሷ ትምህርት ቤት ድረስ ወስዳት ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ቃሉን ያልጠበቀው የጥናት ቡድን መኪናውን አስነሥቶ ሄዷል። ዕዳው የቀረው እዚያው ቀበሌ ውስጥ በምትኖረው ልጅ ላይ ነው። በጥናት የጠፋ አመኔታ የሚከፈለው በክትባትና በመድኃኒት ነው።

ስለዚህ ነገር ሳስብ ብዙ ጊዜ ወደ ራሱ ወደ ቃላችን እመለሳለሁ። በአማርኛ ሐኪም በሽተኛን ሲያይ «ምርመራ» ይባላል። ሳይንቲስት አዲስ ነገር ሲፈልግ «ምርምር» ይባላል። ፖሊስ ተጠርጣሪን ሲጠይቅም «ምርመራ» ነው። ሦስቱም ከ«መረመረ» የወጡ ናቸው። እኛ «ለምርምር ነው የመጣነው» ስንል እናቴ የምትሰማው «ልንመረምርላችሁ መጣን» ነው፤ አያቴ የሚሰሙት ደግሞ «ልንመረምራችሁ መጣን» ነው። «ጥናት» ብንልስ? ጥናት ለልጅ የፈተና ዝግጅት ነው። እንግዲህ ቃሉን ብቻ ተርጉመን ተግባባን ማለት አንችልም። ምርመራ ዛሬ ለዚህች ልጅ ነው፤ ምርምር ግን ነገ ለሌሎች ልጆች ነው፤ እሷን ላይጠቅማት ይችላል። ይህን ልዩነት በግልጽ ያልሰማ ወላጅ ቢፈርምም ፈቀደ አይባልም።

«ታዲያ ሕፃናትን ጨርሶ ባናጠናስ?» የሚል ሊኖር ይችላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ምክንያቴም ሩቅ አገር አይደለም፤ እዚሁ አማራ ክልል ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በምሥራቅ ጎጃም ጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ አንድ የትራኮማ ጥናት ተጀመረ። ጎጦቹ በዕጣ ተለዩ። በአንዳንዶቹ አዚትሮማይሲን የተባለው መድኃኒት በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ለሁሉም ሰው፣ በሌሎቹ በየሦስት ወሩ ለልጆች ብቻ ተሰጠ፤ ቀሪዎቹ አንድ ዓመት እንዲጠብቁ ተደረገ። በየሦስት ወሩ ልጆች በታከሙባቸው ጎጦች የሕፃናቱ የዐይን ልክፍት በ12 ወር ውስጥ ከ48.4 በመቶ ወደ 3.6 በመቶ ወረደ። ከዚያም ያልታሰበ ነገር ታየ። እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው ዘገባ መሠረት ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆኑ ልጆች መካከል፣ መድኃኒቱ ባልደረሰባቸው ጎጦች በዓመት ከሺህ 8.3 ሲሞቱ፣ በደረሰባቸው 4.1 ብቻ ሞቱ። ለዐይን የተሰጠ መድኃኒት ነፍስ ያተረፈ መሰለ። ይህን ተከትሎ በኒጀር፣ በማላዊና በታንዛኒያ ትልቅ ጥናት ተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱ ሲወጣ፣ ከ1 እስከ 59 ወር ባሉ ሕፃናት ላይ ሞት በ13.5 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ጥያቄው የተነሣው ከጎጃም ገበሬ ልጆች ነው።

ነገር ግን አንዲት እናት መጥታ «የኔ ጎጥ ለምን የመጠበቅ ዕጣ ወጣበት?» ብትለኝ ምን እመልሳለሁ? ጥናቱ ሲጀመር ስለ ሞት ማንም አያውቅም ነበር፤ የተጠየቀው የዐይን ነገር ነው፤ መድኃኒቱም ለእነሱ ዓመቱ ሲያልቅ እንዲሰጥ የታሰበ ነው። ይህ እውነተኛ መልስ ነው። ቢሆንም ቀላል መልስ አይደለም። እኔ የምለው፣ እናት ይህን መስማት ያለባት ዕጣው ከመውጣቱ በፊት ነው። «የምንሰጠው መድኃኒት ምን ያህል እንደሚጠቅም ገና አናውቅም፤ ለዚህ ነው የምናጠናው፤ አንዳንዱ ጎጥ ይጠብቃል፤ ማን እንደሚጠብቅ የሚለየው በዕጣ እንጂ በዘመድ አይደለም» ቢባል የኛ ገበሬ አይገባውም? በደንብ ይገባዋል። መሬት በዕጣ ሲከፋፈል የኖረ ሕዝብ ዕጣ ምን እንደሆነ ያውቃል።

ወደ እኛ አካባቢ ስንጠጋ ደግሞ ጎረቤታችን ዋግ ኽምራ አለ። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በሰቆጣ ዙሪያ፣ በጋዝጊብላና በዳህና ወረዳዎች 40 ማኅበረሰቦች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ለግማሾቹ የውሃ ነጥብ፣ የመጸዳጃ ቤት ሥራና ፊት የመታጠብ ትምህርት ደረሰ፤ ግማሾቹ እንዲጠብቁ ሆነ። ለሦስት ዓመታት የትንንሽ ልጆች የዐይን ቆብ እየተገለበጠ ናሙና ተወሰደ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ታተመ፤ በሁለቱ መካከል በትራኮማ ልክፍት ረገድ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። እንዲህ ያለ መልስ ለአጥኚም ለወላጅም ደስ አያሰኝም። ግን መልስ ነው። «ሠርቷል» ብቻ ሳይሆን «አልሠራም»ም የልጆች ዐይን የተከፈለበት እውቀት ስለሆነ ወደ ከፋዩ መመለስ አለበት።

ከዚህም የከበደ ምሳሌ አለ። በከባድ ትኩሳትና በደም ዝውውር መዳከም ሆስፒታል ለሚገቡ ልጆች ፈሳሽ በፍጥነት በደም ሥር መስጠት ያድናል ተብሎ ለብዙ ዓመታት ይታመን ነበር። በኬንያ፣ በታንዛኒያና በኡጋንዳ 3,141 ልጆችን ያሳተፈ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2011 ሲታተም ነገሩ ተገለበጠ። ፈሳሹ በፍጥነት ከተሰጣቸው ከመቶ ከ10 በላይ የሚሆኑት በ48 ሰዓት ውስጥ ሲሞቱ፣ ካልተሰጣቸው የሞቱት 7.3 በመቶ ነበሩ። ያ ጥናት ባይደረግ ኖሮ በቅን ልቦና መግደላችን ይቀጥል ነበር። ሕፃናትን ከጥናት ማራቅም የራሱ ዋጋ አለው ማለት ነው።

በተቃራኒው አመኔታ ሲሰበር ምን እንደሚሆን ናይጄሪያ አሳይታናለች። እ.ኤ.አ. በ1996 በካኖ የማጅራት ገትር ወረርሽኝ በነበረበት ወቅት የፋይዘር ኩባንያ 200 ሕፃናትን ይዞ ትሮቫን የተባለ አዲስ መድኃኒት ከነባሩ ጋር አወዳደረ። ወላጆች «ልጆቻችን ለሙከራ መዋላቸው አልተነገረንም» ብለው ከሰሱ፤ ኩባንያው በቃል ፈቃድ ወስጃለሁ ሲል ተከራከረ፤ ጉዳዩ ከካኖ ግዛት መንግሥት ጋር እ.ኤ.አ. በ2009 በ75 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተቋጨ። እስከዚያው ግን እ.ኤ.አ. በ2003 ካኖ የፖሊዮ ክትባትን አግዳ ነበር፤ ለጥርጣሬው ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ይኸው የትሮቫን ታሪክ ነው። የሚገርመው በኛ ክልል ለትራኮማ የሚታደለውን አዚትሮማይሲን በእርዳታ የሚሰጠውም ያው ኩባንያ መሆኑ ነው። ስለዚህ «ፈረንጅ መጥፎ ነው» ወይም «ፈረንጅ ጥሩ ነው» የሚለው ጅምላ ፍርድ የትም አያደርሰንም። የሚያዋጣው እያንዳንዱን ጥናት በየራሱ መጠየቅ ነው።

ሕጉስ ምን ይላል? በቤተሰብ ሕጋችን 18 ዓመት ያልሞላው ሰው አካለ መጠን አላደረሰም፤ ስለ እሱ የሚወስኑት ወላጆቹ ወይም አሳዳሪው ናቸው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ደግሞ ሕፃናትን በሚመለከት እርምጃ ሲወሰድ የሕፃኑ ደኅንነት በቀደምትነት እንዲታሰብ ያዛል። እ.ኤ.አ. በ2014 አምስተኛ እትሙ የወጣ አገር አቀፍ የምርምር ሥነ ምግባር መመሪያም አለን። ከወላጅ ፈቃድ ሌላ፣ ነገሩ የሚገባው ልጅ የራሱን ይሁንታ መጠየቅ አለበት የሚለውን መርሕ ሁላችንም ተምረነዋል። ፈተና ላይም ይመጣል። ሜዳ ላይ ግን «ልጅ ምን ያውቃል» እንላለን። የኔ እህት በስምንት ዓመቷ ከሁላችን የተሻለውን ጥያቄ ጠይቃለች።

ሥራውን በትክክል የሠሩ አጥኚዎችም አሉ። በወላይታ በባዶ እግር በመሄድ የሚመጣውን የእግር እብጠት (ፖዶኮኒዮሲስ) የዘር ዝንባሌ ለማጥናት ሲታሰብ፣ ፋሲል ተኮላ፣ ጌይል ዴቪና ባልደረቦቻቸው መጀመሪያ ያጠኑት ፈቃድ እንዴት መጠየቅ እንዳለበት ነው፤ ይህንንም እ.ኤ.አ. በ2009 አሳትመዋል። የመገለል ፍርሃት በፈቃድ ላይ ጫና እንዳለው አዩ። «በዘራቸው አለ» ተብሎ የሚታማ ቤተሰብ ልጁን ማን ያገባለታል? የአጥኚ መኪና ደጁ ላይ ሲቆም አገር ያየዋል። ይህን አስቀድሞ ያወቀ አጥኚ እንዴት እንደሚገባ፣ በማን በኩል እንደሚገባ ያውቃል። በሌላ አነጋገር፣ አባቴ ወደ ንስሐ አባቱና ወደ ጤና ኤክስቴንሽኗ መሄዱ ኋላ ቀርነት አይደለም። የገጠር ሰው መረጃ የሚያጣራበት ወንፊት ነው። እኛ ወንፊቱን አልፈን ለመሄድ ከመቸኮል፣ በወንፊቱ ውስጥ ለማለፍ መዘጋጀት አለብን።

በተለይ አሁን ይህ የበለጠ ያስፈልጋል። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት በሰሜን ወሎ ብዙ ጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፣ ወድመዋል። ሌላ ሐኪም በሌለበት ቦታ «የጥናት ሐኪም» ሲመጣ እምቢ ማለት እንዴት ይቻላል? ያጣ ሰው እሺ ማለቱ ሁልጊዜ ፈቃድ አይደለም።

እንግዲህ እኛ ምን እናድርግ? ከባድ ነገር አልጠይቅም። አንደኛ፣ ወደ ጎጥ ስንገባ የሚያስተዋውቀን ሰው የእርዳታ ስም መዝጋቢ ባይሆን ይመረጣል፤ እሱ ከሆነም «እምቢ ያለ ምንም አይጎድልበትም» የሚለውን እሱ ራሱ በሕዝብ ፊት ይናገር። ሁለተኛ፣ ቅጹን ካነበብን በኋላ ወላጁን «እስቲ እርስዎ መልሰው ይንገሩኝ፣ ምን ልናደርግ መጣን?» ብለን እንጠይቅ። «ልታክሙልን» ካለ ገና አልጨረስንም። ሦስተኛ፣ ውሳኔውን እዚያው ቆመን አንጠብቅ፤ አንድ ሌሊት እንስጥ። ሸንጎው የሚቀመጠው ማታ ነው። አራተኛ፣ ልጁን በልጅ ቋንቋ እንጠይቅ፤ «አይ» ካለም እንስማው። አምስተኛ፣ ደም ማነስም ሆነ ትል ያገኘንበትን ልጅ ስሙን ለጤና ኬላው ሳናስረክብ አንመለስ።

ስድስተኛውን ለትምህርት ክፍላችን መምህራን ነው የማቀርበው። የመመረቂያ ጽሑፋችን ተጠርዞ ቤተ መጻሕፍት ሲገባ፣ አንድ ገጽ በአማርኛ የተጻፈ የውጤት ማጠቃለያም ጥናቱ ወደተደረገበት ቀበሌ ይላክ። አማካሪውም ይህ ገጽ መላኩን ሳያረጋግጥ አይፈርም። ወረቀቱ አንድ፣ ፖስታውም አንድ ነው። ለአንዲት ጤና ኤክስቴንሽን ግን «እኔ አለሁ» ያለችበትን ቃል ማስጠበቂያ ይሆናታል፤ ቀጣዩ ተማሪ ወደዚያ ቀበሌ ሲሄድም በሩ አይዘጋበትም።

መልካም የጥናት ጊዜ ይሁንልን።